ኤርሊስ የከረመችበት የመስታወት ክፍል

ኤርሊስ ፕሮበርት ዕድሜዋን ሙሉ ስለ ብርድ ተጨንቃ አታውቅም ነበር። በዌልስ፣ በሮንዳ ሸለቆ፣ ከሰል ከሚቆፈርበት ተራራ ሥር ተወልዳ ከሰል ቆፋሪ ነው ያገባችው። ለቆፋሪ ቤተሰብ ከሰል በነፃ ስለሆነ የጭነት መኪናው እየመጣ ደጃፏ ላይ ይዘረግፍላታል፤ ባሏ ኤምሊን በአካፋ እያፈሰ ጓዳ ያስገባል። ኤምሊን ሳንባው ተበልቶ ከሞተም በኋላ ከሰሉ አልቀረባትም። በጥር ብርድ በሯን ከፍታ በአጭር እጅጌ ስትቀመጥ የሚያዩ ጎረቤቶቿ፣ «ኤምሊን የቆፈረው ለአንቺ ነው ወይስ ለመንገዱ?» እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷም፣ «ግቡና ሙቁ እንጂ ደጅ ቆማችሁ አትቅኑ» ትላቸዋለች።

የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሠርታ ጡረታ ወጣች። ቤቷ ዳገት ላይ ስለነበር አንድ ዝናባማ ቀን ደረጃው ላይ ተንሸራታ ጉልበቷ ተሰበረ። ድኖም እንደ ድሮው አልሆነላት። ያን ጊዜ ነው አንድያ ልጇ ኔስታ የመጣችው።

«እማዬ፣ እኛ ጋ ነይ» አለቻት። «እዚህ ብቻሽን ወድቀሽ ብትቀሪ ማን ያይሻል?»

«ጎረቤቴ ኦልወን አለች አይደል እንዴ አጠገቤ?»

«ኦልወን ራሷ በምርኩዝ አይደል የምትሄደው? አንቺን ልታነሳ መጥታ ሁለታችሁን የሚያነሳ ልንፈልግ?»

ኤርሊስ ሳቀች፤ ስትስቅም ተሸነፈች። ቤቱ ተሸጠ። ኔስታና ባሏ ራስል የሚኖሩት ከሸለቆው ወጣ ብሎ፣ አውራ ጎዳናው አጠገብ በተሠራ አዲስ ሰፈር ነው። ፎቁ ላይ ካሉት ሁለት መኝታ ክፍሎች አንዱ የእነሱ፣ ሌላው የራስል ቢሮ ነበር፤ ደረጃውም ለጉልበቷ አይሆንም። ስለዚህ ከቤቱ ሽያጭ በከፊሉ፣ ከሳሎኑ ጀርባ ወደ አትክልቱ የወጣ የመስታወት ክፍል ሊሠራላት ተወሰነ። ራስል የሠሪዎቹን የሥዕል ወረቀት አመጣላት። ሥዕሉ ላይ ስስ ቀሚስ የለበሰች ሴት በመስታወት ተከባ ፀሐይ ትሞቃለች።

«ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው፣ ኤርሊስ» አላት ራስል። ትሁት ሰው ነው፤ እርስዎ ሳይል አያናግራትም። «ወፎቹን አልጋዎ ላይ ሆነው ያያሉ።»

ሠሪው ሊለካ የመጣ ቀን ኤርሊስ ሻይ ይዛ እየገባች ነበር። ሰውየው ሜትሩን እየጠቀለለ፣ «ሰው ያድርበታል?» ብሎ ጠየቀ።

«የለም፣ የለም» አለ ራስል። «ለመቀመጫ ብቻ ነው።»

«እንደሱ ከሆነ ቀላሉ የላስቲክ ጣሪያ ይበቃዋል። የሚታደርበት ቢሆን ሌላ ጣጣ ነበረው።»

ኤርሊስ ሰማች። ነገሩ ግን የሚያውቁት ሰዎች ጉዳይ መስሏት ሻዩን አስቀምጣ ወጣች።

መስከረም ላይ ገባችበት። ፀሐዩ ልክ እንደ ሥዕሉ ነበር፤ እንዲያውም አልፎት ሄደ። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ እንደ ምድጃ ስለሚግል ባርኔጣ አድርጋ ነው የምትቀመጠው። አፉ በሰፋ ገንቦ የተከለቻቸው ቲማቲሞች ቅጠላቸው ተጠብሶ ደረቀ። ኦልወን ስልክ ደውላ፣ «እንዴት ነው ቤተ መንግሥቱ?» ስትላት፣ «ሊጥ ብትሰጪኝ ዳቦ እጋግርልሻለሁ» ብላ መለሰችላት።

ጥቅምት ሲጋመስ ግን ፀሐዩ ጥሏት ሄደ። ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ያልበው ጀመር፤ ላቡ እየወረደ መስኮቶቹ ሥር ይጠራቀማል፣ አንሶላዋ ይረጥባል። ዝናብ ሲመጣ የላስቲኩ ጣሪያ ጠጠር የሚበጠርበት ወንፊት ይመስል ይንጓጓል፤ ቴሌቪዥኑም አይሰማ፣ ስልኩም አይሰማ። ራስል እንደ ፀጉር ማድረቂያ ትኩስ አየር የሚነፋ ማሞቂያ ገዛላት። እሷም በኤምሊን ዘመን እንደለመደችው ከጠዋት እስከ ማታ ለቀቀችው።

ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቤቱ ምን ያህል መብራት እየፈጀ እንደሆነ የምታሳይ ትንሽ ሰሌዳ አለች። ስትረካ አረንጓዴ፣ ስትቆጣ ቀይ ነው የምታበራው። ኤርሊስ ማሞቂያውን ባበራች ቁጥር ሰሌዳዋ ቀይ ትሆናለች።

«ኤርሊስ፣ ማሞቂያው ጠዋት ሙሉ በርቶ ነበር?» አላት ራስል አንድ ቀን፣ ኮቱን ሳያወልቅ።

«በረደኝ እኮ።»

«እሱማ ይገባኛል። ግን ክፍሉን አይደለም የሚያሞቁት። ሰማዩን ነው።»

ክፉ ነገር አልተናገረም፤ የባሰውም እውነቱን መሆኑ ነው። እሷም አይታዋለች። ክፍሉ እንደምንም ከሞቀ በኋላ ማሞቂያው በጠፋ በስንት ደቂቃ፣ ሻይዋ እንኳ ሳይቀዘቅዝ፣ ሙቀቱ በጣሪያው ወጥቶ ይሄዳል። የተሰነጠቀ እንስራ ውሃ እንደመሙላት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሞቂያውን ልታበራ እጇን ስትዘረጋ የቀይ መብራቷ ዓይን ይታያታል። እጇን ትሰበስባለች።

ለኦልወን ነገረቻት።

«ታዲያ ክፍሉን ለምን ታሞቂያለሽ፣ አንቺ ሞኝ?» አለች ኦልወን። «ራስሽን አሙቂ! ላም በረት ውስጥ ጣሪያውን ነው እንዴ የምታሞቀው?»

ኤርሊስ ሥራ የማትጠላ ሴት ናትና ነገሩን ያዘችው። መጀመሪያ ቀዝቃዛው የሸክላ ወለል ላይ ከድሮው ቤቷ ያመጣችውን ምንጣፍ ነጠፈች። የበሩን ሥር በጨርቅ ጠቀጠቀች። የተሰባሪ ዕቃ መጠቅለያውን፣ አረፋ አረፋ ያለውን ላስቲክ፣ ኔስታ ከምትሠራበት ትምህርት ቤት እየለመነች አስመጣችና መስታወቱን በውሃ እያራሰች ለጠፈችበት። የሚነፋውን ማሞቂያ ትታ፣ ሆዱ ውስጥ ዘይት ያለበትን፣ ቀስ ብሎ የሚሞቀውንና ቀስ ብሎ የሚበርደውን ገዛች። ኔስታ የገዛችላትን፣ ጉልበቷ ላይ የምትጥለውን የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስም ጨመረች፤ እሱ ሲበራ ሰሌዳዋ ልብ እንኳ አትለውም። በመጨረሻም ከሁሉ የበለጠውን አደረገች። ወፍራሞቹን የድሮ መጋረጃዎቿን ከጣሪያው ብረት ላይ በገመድ አንጠልጥላ፣ አልጋዋንና ወንበሯን ከማሞቂያው ጋር ከበበቻቸው። ከላይም ብርድ ልብስ ዘረጋች። ክፍል ውስጥ ክፍል ሠራች ማለት ነው።

ሠራላት። መጋረጃውን ዘግታ ስትቀመጥ ትንሿ ማሞቂያ ትበቃታለች፣ ሰሌዳዋም አረንጓዴ ሆነች። ራስል እንኳ፣ «ጎበዝ ነዎት እኮ!» አላት።

ግን ያ ሁሉ ፀሐይና ወፍ የተባለለት ክፍል ቀርቶ፣ ኤርሊስ አሁን የምትኖረው ክንዷን ብትዘረጋ በሁለቱም በኩል እጇ ጨርቅ በሚነካበት ቦታ ነው። ደጁ አይታያትም። ሽንት ቤት ልትሄድ መጋረጃውን ስትገልጥ ብርዱ ፊቷን እንደ ጥፊ ስለሚመታት ውሃ መጠጣት ቀነሰች። ኅዳርን እንዲህ አሳለፈች። አንዳንድ ቀን ጨርቁ ውስጥ ሆና፣ ኤምሊን ስለ ጉድጓዱ ይነግራት የነበረውን ታስብ ነበር፤ ተጎንብሶ መዋል፣ ጣሪያው ራስ ላይ ሲሆን። ያኔ፣ «እኔ ብሆን እጮህ ነበር» ትለው ነበር። እሱም፣ «ለማን ትጮኺያለሽ?» ነበር መልሱ።

ታኅሣሥ ላይ ኔስታ የሥራ ባልደረቦቿን ለገና ጠራች። በግብዣው ቀን ጠዋት መጥታ መጋረጃው ፊት ቆመች።

«እማዬ፣ ይሄን ነገር ለዛሬ ብናወርደው?»

«ለምን?»

«ሰው ይመጣል። ከሳሎኑ ያያል እኮ። ልክ... ልክ የስደተኛ ድንኳን ይመስላል።»

«እና እኔ የት ልሁን?»

«ከእኛ ጋር! ሳሎን ነይና ተቀመጪ።»

አብረው አወረዱት። ኤርሊስ ማታውን ሳሎን ውስጥ የገና ኬክ ይዛ ተቀመጠች፤ ሰው ሁሉ መስታወቱን እያየ፣ «እንዴት ያለ ክፍል ነው፣ ታድለሽ!» ይላታል። እሷም፣ «አዎ፣ ብርሃን አለው» ትላለች። እንግዶቹ ሲሄዱ መጋረጃውን የሚሰቅልላት አልተገኘም፤ ሁሉም ደክሟል። ኮቷን ደርባ ተኛች።

በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ሸለቆው ሄደች። ለማንም አልተናገረችም። ለምን እንደምትሄድ ለራሷም በደንብ አታውቀውም። ቤቷን የገዙት ወጣቶች በሩን ግራጫ ቀብተውታል፤ የከሰል ማስገቢያዋን መስኮት በሲሚንቶ ደፍነዋታል፤ ጭስ መውጫውም ላይ ክዳን ገጥመውበታል። ኦልወን ሆስፒታል ለምርመራ ሄዳ አላገኘቻትም። ኤርሊስ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ትንሽ አየችና የሚመለሰውን አውቶቡስ ያዘች። እስከዚያ ቀን፣ ሳታስበው፣ «ካልተስማማኝ እመለሳለሁ» የምትል ይመስል ነበር። ከአውቶቡሱ ስትወርድ ግን መመለሻ የሚባል ነገር እንደሌለ ገብቷታል።

ጥር ገባ፤ ውርጩ ጠና። መጋረጃው ተመልሶ ተሰቅሏል። በአንድ ማክሰኞ ኔስታ ዓይኗን ለማስመርመር ልትወስዳት ቀጠሮ ነበራቸው፤ ሐኪሙ ቀረና ቀጠሮው ተሰረዘ። ኔስታ ይህን ለባሏ ሳትነግረው ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች። ራስል ከቢሮው ወርዶ ሲወጣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ኤርሊስም ከውስጡ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብሷን ተከናንባ እንቅልፍ ወስዷታል። ሁለቱም ሐኪም ዘንድ የሄዱ መስሎት፣ ከሳሎኑ ወደ መስታወት ክፍሉ የሚያወጣውን በር ብርድ እንዳያስገባ ቆልፎ ሄደ። መንገድ ላይ ሳለም ሰው ለሌለበት ክፍል መብራት እንዳይባክን በስልኩ ማሞቂያውም ብርድ ልብሱም የተሰኩበትን ሶኬት አጠፋው። ከቤት ርቆ ሶኬት የሚያጠፋበትን ዕቃ በዚያው ሰሞን ነበር ያስገጠመው።

ኤርሊስን የቀሰቀሳት ብርዱ ነው። ማሞቂያውን ብትነካው ቀዝቅዟል። ብርድ ልብሱም ሞቷል። ወደ በሩ ሄደች፤ አልከፈት አላት። ደበደበች።

«ራስል! ራስል!»

ቤቱ ባዶ ነው። ስልኳ ወጥ ቤት ነው። ወደ አትክልቱ የሚያወጣው በር ቁልፉ ወጥ ቤት ነው፣ ሚስማሩ ላይ። ሽንት ቤቱም በዚያው ወገን ነው።

ያላትን ልብስ ሁሉ ደራረበች፤ የኤምሊንን የሱፍ ኮፍያ ሳይቀር። የለጠፈችውን ላስቲክ ከአንዱ መስኮት ላይ ቀደደችና ደጁን አየች። ሣሩ ነጭ ሆኗል። የጎረቤት ቤቶች መስኮቶቻቸው ሁሉ ወደሷ ያዩ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን ሰው የለም፤ በዚያ ሰፈር ቀን ቀን ሰው የለም፣ ሁሉም ሥራ ነው። መስታወቱን እያንኳኳች ጮኸች። ድምጿ ተመልሶ ራሷ ላይ ወደቀ። በመጨረሻም ሽንቷ መጣና የደረቀው ቲማቲም ገንቦ ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች። ከብርዱ ይልቅ ያ ነው ያስለቀሳት። ከተነሳች በኋላ አንዱን መጋረጃ ጎትታ ገንቦውን ሸፈነችው፤ በመስታወት ቤት ውስጥ የሚደበቅበት ቦታ ፈልጋ።

ዴንዚል የመጣው ያን ጊዜ ነው። ዴንዚል የሰፈሩን መስኮቶች እየዞረ የሚያጥብ፣ ረጅም ዘንግና የሞቀ ውሃ የያዘ ሽበታም ሰው ነው። በጓሮው በር ገብቶ ቀና ሲል፣ ኮፍያ ያደረገ ፊት መስታወቱ ላይ ተጣብቆ አየ። ዘንጉ ከእጁ ወደቀ።

«ጌታዬ ኢየሱስ! ነፍሴን አወጣሽው እኮ፣ የኔ ቆንጆ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ተቆልፎብኝ ነው!»

«ማን ቆለፈብሽ?»

«አማቼ። ሳያውቅ።»

ከላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ከውስጥ ትከፈታለች። ኤርሊስ ወንበር ላይ ለመውጣት ጉልበቷን ፈርታ ስለነበር እስካሁን አልነካቻትም፤ አሁን ዴንዚል፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ ያዢ ብረቱን» እያላት ወጥታ ከፈተቻት።

«የልጅሽን ቁጥር ንገሪኝና ልደውል።»

ኤርሊስ ኪሷን ዳበሰች። የኔስታ ቁጥር ስልኳ ውስጥ ነው ያለው። በቃሏ የምታውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱም የሸለቆው ቤቷ ቁጥር።

«የምትሠራበትን አውቃለሁ» አለች። የትምህርት ቤቱን ስም ነገረችው። ዴንዚል ፈልጎ ደወለ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ኔስታ እስክትደርስ ጊዜ ይወስዳል ተባለ።

«መስታወቱን ልስበረው?» አላት።

ኤርሊስ መስታወቱን አየችው። «ከሰበርከውማ ምን ልሞቅ ነው?»

ዴንዚል ሳቀ። ከመኪናው ሻዩን በፔርሙዝ፣ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ የገባበትንም ዳቦ አምጥቶ በትንሿ መስኮት አቀበላት። ከዚያ የሞቀ ውሃው የሚወርድበትን ጎማ ወደ ቦዩ አዙሮ፣ ሥራውን ትቶ እዚያው ቆሞ ጠበቀ።

«ከየት ነሽ? አነጋገርሽ የሸለቆ ነው።»

«ከሮንዳ። ባሌ ቆፋሪ ነበር።»

«የኔም አባት። ታዲያ የከሰል ሰው ሆነሽ በረዶ ቤት ውስጥ ምን አስገባሽ?»

«ፀሐይ አለው ብለውኝ» አለች ኤርሊስ። ሁለቱም ሳቁ።

ኔስታ ኮቷን ሳትለብስ ደረሰች። ቁልፉን ከፍታ ስትገባ እናቷን አቀፈቻት፤ ቀጥሎ መጋረጃውን ገልጣ የእናቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ እዚያ ቁጭ ብላ አታውቅም። ትንፋሿ እንደ ጭስ ሲወጣ ታየ። ብርድ ልብሱን ዳሰሰች፤ ርጥብ ነው። ዞር ስትል የተሸፈነውን ገንቦ አየች፣ ምን እንደሆነም ገባት።

«እማዬ... ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ልበልሽ? በረደኝ ብዬሻለሁ እኮ። ብርድ ልብስ ገዛሽልኝ።»

ማታ ራስል መጣ። ነገሩን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ይቅርታ ጠየቀ፣ ደጋግሞ ጠየቀ። ከዚያ ሶኬቱን እንዴት እንደሚያስተካክል ማስረዳት ጀመረ። ኤርሊስ የሳሎኑ ሶፋ ላይ ሁለት እግሯን ወደ ማሞቂያው ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ራስል» አለችው። «ሠሪው፣ ‹ሰው ያድርበታል?› ብሎ ሲጠይቅህ ምን አልከው?»

ራስል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ኔስታ ወደ ባሏ ዞረች። «እማዬ ምንድን ነው የምትለው?»

«ለመቀመጫ ነው ብሎታል» አለች ኤርሊስ። «እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ ስለዚህ ሁለታችንም አጥፍተናል። አሁን ግን ልክ ነህ፣ ለመቀመጫ ይሁን። አልጋዬን እዚህ ሳሎን አምጡልኝ። ቴሌቪዥኑንና ሶፋውን እዚያ ውሰዱና ተቀመጡበት።»

«ሳሎኑን?» አለ ራስል።

«ሳሎኑን።»

ኔስታ ነበረች ተነስታ የአልጋውን አንድ ጫፍ የያዘችው። ራስል ትንሽ ቆሞ አየና ሌላውን ጫፍ ያዘ።

የቀረውን ብርድ ኤርሊስ በሙቅ ክፍል አሳለፈች። ራስል የራግቢ ጨዋታ ሲኖር የመስታወቱ ክፍል ውስጥ ኮትና ኮፍያ አድርጎ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ቅዳሜ መጋረጃውን ሰው ሳያየው መልሶ ሰቀለው። ኔስታ በሩ ላይ ቆማ፣ «ድንኳኑ ተስማማህ?» ብላ ስትጠይቀው እናትና ልጅ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የአትክልቱ በር ቁልፍ አንድ ቅጂ ለኤርሊስ ተቀረጸላት። በጋ ሲመጣ ጣሪያው በወፍራሙ ይቀየራል ተባለ።

ሆኖም ሳሎን ሳሎን ነው። እንግዳ ሲመጣ አልጋዋን አንጥፋ መነሳት አለባት። ባልና ሚስቱ ከሥራ ሲገቡ በእሷ ክፍል ነው የሚያልፉት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ፣ ዝቅ ያደረጉት በእሷ ምክንያት መሆኑን ታውቃለች። አንድ ቀን ብቻዋን ስትሆን ሸለቆው ውስጥ ለአረጋውያን ትንንሽ ቤቶች የሚያከራየው መሥሪያ ቤት ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት ደግ ነበረች፤ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ጉልበቷን ጠየቀቻት።

«አሁን የሚኖሩበት ቤት ይሞቃል?» አለች ሴትየዋ። «ብርድ ላይ ያሉትን ነው የምናስቀድመው።»

ኤርሊስ እግሯ ሥር ያለውን ማሞቂያ አየችው። ቤት ባይሞቅ ብላ የምትመኝበት ቀን ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ለአፍታ፣ «በታኅሣሥ ቢጠይቁኝ ኖሮ» አለች በልቧ። ግን ዋሽታ አታውቅም።

«ይሞቃል» አለች።

«እንግዲያው ተራዎን ይጠብቃሉ፣ እናቴ። ወረፋው ረጅም ነው» አለች ሴትየዋ፤ የኤርሊስንም ስም ከወረፋው መጨረሻ ላይ ጻፈችው።